የነጋዴዎች ክበብ የአንድ ቀን ጉዞና ጉብኝት እንዴት ይዘጋጃል?

የክበባችን የጉዞ አስተባባሪ ከሆንኩ ወዲህ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። "እኛም ሰፈር የነጋዴዎች ክበብ አቋቁመናል፣ አባላቱን አንድ ቀን ይዘን ልንወጣ ነው፣ ከየት እንጀምር?" እስካሁን ለእያንዳንዱ ጠያቂ በድምፅ እየቀዳሁ እልክ ነበር። አሁን ሁሉንም እዚሁ ጻፍኩት።

ለምሳሌነት የወሰድኩት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጠዋት የሞጆን ደረቅ ወደብ የሚጎበኝ፣ ምሳ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የሚበላ፣ ሳይመሽም የሚመለስ ጉዞ ነው። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ስትመለሱ መንገድ ላይ ናት። ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ ካስመጪ የሚገዛ ነጋዴ ኮንቴይነሩ የሚያርፍበትን ግቢ በዓይኑ ቢያይ ይጠቀማል። ጢያ ትክል ድንጋይ ወይም ወንጪ ብትሄዱም አሠራሩ ያው ነው።

ያየኋቸው የተበላሹ ጉዞዎች በሙሉ መኪናው ሳይነሳ የተበላሹ ናቸው፣ ያውም ስም ዝርዝሩና ገንዘቡ ላይ። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃ 3 እና ደረጃ 4 አትዝለሉብኝ።

የሚያስፈልጋችሁ

- 3 አስተባባሪ፦ አንዱ ገንዘብ ይይዛል፣ አንዱ ከሚጎበኘው ቦታ ጋር ይጻጻፋል፣ አንዱ መኪናና ምግብ ይከታተላል
- የስም ዝርዝር፦ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሚበላው የምግብ ዓይነት፣ ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት የቤተሰብ ስልክ
- ለዚህ ጉዞ ብቻ የተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ
- ማኅተም ያረፈበት የጉብኝት ጥያቄ ደብዳቤ፣ 2 ቅጂ
- የመኪና ኪራይ ውል በጽሑፍ
- የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን፣ ለመኪና ጉዞ የሚያቅለሸልሸው ሰው ስለማይጠፋ ፌስታልና ሶፍት
- ውሃ በካርቶን
- ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ስለማይሠራ የተወሰነ ጥሬ ገንዘብ

1. ቀኑን ቁረጡ

ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ጀምሩ። ደብዳቤ መልስ እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል። ነጋዴውም ሱቁን ለማን ጥሎ እንደሚወጣ ማሰብ አለበት።

ጉብኝት ያለበት ጉዞ እሑድ አይሆንም። ቢሮው ዝግ ነው፣ የሚያስረዳችሁም ሰው አታገኙም። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ስለሆነ ማንም ሱቁን አይለቅም። ረቡዕ ጾም ነው። ዓርብም ጾም ነው፣ በዚያ ላይ ሙስሊም አባላት ጁምዓ አላቸው። እኛ ብዙ ጊዜ ሐሙስን እንይዛለን፣ ማክሰኞም አይከፋም። ጉብኝት የሌለው የመዝናኛ ጉዞ ከሆነ ግን እሑድን የሚያህል ቀን የለም።

ከዚያ ካላንደሩን አውጡ። ምሳ ያለበትን ጉዞ በሁዳዴም በረመዳንም አታድርጉ። ከገና፣ ከፋሲካና ከኢድ በፊት ባሉት ሳምንታት ልብስ ሻጩም ቅቤ ሻጩም እስከ ማታ ሱቁ ውስጥ ነው። መስከረም የደብተር ነጋዴ ወር ነው። ሐምሌ ላይ የግብሩ ሩጫ አለ፣ ዝናቡም አለ። በመስቀል ሰሞን ቢሾፍቱ ሆራ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር መንገዱም ሆቴሉም ይጨናነቃል። በ12 እና በ21ም ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ከቤት የማይወጡ አባላት አሉ፣ እነሱን አታስቀይሙ።

ሁለት ቀን ብቻ መርጣችሁ ለምርጫ አቅርቡ። "መቼ ይመቻችኋል?" ብላችሁ ክፍት አድርጋችሁ ከጠየቃችሁ 30 ሰው 30 ቀን ይነግራችኋል፣ ሳምንቱም በክርክር ያልቃል።

2. የምትጎበኙትን ቦታ አስፈቅዱ

ደረቅ ወደቡ ጉምሩክ ያለበት፣ የሰው ዕቃ የተቀመጠበት ግቢ ነው። ደውሎ "ልንመጣ ነው" ማለት አይበቃም። የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ስለሆነ ደብዳቤው ወደዚያ ይጻፋል። ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ ጻፉ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይለፍ። ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰው እንደምትሆኑ፣ ምን ማየት እንደምትፈልጉ፣ የመረጣችሁትን ቀንና አንድ ተለዋጭ ቀን፣ የአንድ ተጠሪ ስም ከነስልኩ ጻፉበት። ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። በር ላይ ከመከራከር ያድናችኋል።

ደብዳቤውን በአካል ወስዳችሁ መዝገብ ቤት አስገቡና በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥር አስጽፉ። ያለ ቁጥር "ደብዳቤያችን የት ደረሰ?" ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው። በሳምንቱ ደውሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት በአካል ሂዱ።

ክበባችሁ ገና ካልተመዘገበና ማኅተም ከሌለው አትጨነቁ። ከአባላት አንዱ በድርጅቱ ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ ይችላል። የንግድ ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ካላችሁ ደግሞ በምክር ቤቱ በኩል የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዛችሁ ግን አትሂዱ።

በደብዳቤው ላይ የጻፋችሁት የሰው ብዛትና በር ላይ የሚቆመው ሰው ብዛት እኩል ይሁን። አንድ ጊዜ ወደ አንድ ፋብሪካ 15 ስም ልከን 22 ሆነን ሄድን። ጥበቃው ዝርዝሩን አይቶ 7ቱን በር ላይ አስቀራቸው። ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው፣ ጥፋቱ የኛ ነበር። 7ቱ ሰዎች እስክንወጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ከኛ ጋር ወጥተው አያውቁም። እስካሁን ይቆጨኛል።

3. ሂሳቡን ሥሩ

ብዙ አስተባባሪ የሚከስረው እዚህ ነው። ወጪውን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ሰው በዛም አነሰም የማይቀየረው ነው፣ እንደ መኪና ኪራይ፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያ፣ የሹፌርና የረዳት ምግብ። ሁለተኛው በሰው ቁጥር ልክ የሚጨምረው ነው፣ ምሳ፣ ውሃና ቁርስ።

የማይቀየረውን ወጪ "ይመጣሉ" ብላችሁ ለምታስቡት ቁጥር አታካፍሉት። በርግጠኝነት ለሚመጡት አካፍሉት። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ ያዙልኝ። የማይቀየረው ወጪ 20,200 ብር፣ ለአንድ ሰው የሚጨምረው ደግሞ 700 ብር ነው እንበል። ለ24 ሰው ስታካፍሉት ከማይቀየረው የአንዱ ድርሻ 842 ብር ገደማ ይሆናል። በጉዞው ቀን 19 ሰው ብቻ ቢመጣ 4,200 ብር ይጎድላል፣ ያ ጉድለት የሚወጣውም ከገንዘብ ያዡ ኪስ ነው። ከመጀመሪያው ለ19 ብታካፍሉት ግን የአንዱ ድርሻ 1,063 ብር ነው። 700 ብሩን ስትጨምሩበት 1,763 ይሆናል። ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ጨምሩና አጠጋግታችሁ 1,950 ብር ሰብስቡ።

24ቱም ከመጡ ወደ 9,800 ብር ይተርፋል። የተረፈው ለክበቡ ሳጥን ገቢ ይሆናል ወይስ ለከፋዮች ይመለሳል? ከመሰብሰባችሁ በፊት ወስኑና ግሩፑ ላይ ጻፉት። በኋላ ከወሰናችሁት ሰው ይጠረጥራል።

መጠጥ ከጋራ ገንዘብ አይከፈል። የሚጠጣ ለራሱ ይክፈል። የማይጠጣው አባል የሌላውን ቢራ ከፍሎ ሲመለስ አፉን ሞልቶ አያማርርም፣ በሚቀጥለው ጉዞ ግን ስሙን አታገኙትም።

4. መዝግቡ፣ አስከፍሉ

ሕጉ አንድ ነው፦ ያልከፈለ አልተመዘገበም። "ስሜን ጻፉኝ፣ እከፍላለሁ" ለሚል ሰው በአክብሮት "ጋሼ፣ ክፍያው ሲገባ ስምዎ ይሰፍራል" በሉት። ሊቀመንበሩም ቢሆኑ ያው ነው። ለአንድ ሰው ካላላችሁት ለሁሉም ላልቷል ማለት ነው።

ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን። ከፋዩ የላከበትን ማረጋገጫ ግሩፑ ላይ ይለጥፍ፣ ገንዘብ ያዡ በየምሽቱ የከፈሉትን ስም ዝርዝር ያውጣ። ሁሉም የሚያየው ዝርዝር ገንዘብ ያዡንም ከሐሜት ያድነዋል።

የመመለሻ ሕግም ያስፈልጋችኋል። እኛ ጋ ከጉዞው 7 ቀን በፊት የቀረ ሰው ሙሉ ገንዘቡ ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ የቀረ ምትክ ሰው ያመጣል። ካላመጣ የምግቡ ብቻ ይመለሳል፣ ምክንያቱም የመኪናው ወንበር በስሙ ተከፍሏል። ምትክ የገባ ሰው ካለ ለሚጎበኘው ቦታ የላካችሁትን ስም ዝርዝር ማስተካከል አትርሱ።

ለቅሶ ቢገጥምስ? አባል ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ሲያርፍ ጉዞ መሄድ አይቻልም፣ ማንም አይወጣላችሁም። ስለዚህ ከመኪናውም ከሆቴሉም ጋር ስትዋዋሉ "ቀኑን አንድ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማዛወር ይቻላል" የሚል ዐረፍተ ነገር አስገቡ። በአፍ ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። በጽሑፍ ያዙት።

5. መኪና ያዙ

እስከ 11 ሰው ከሆናችሁ ሚኒባስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ኮስተር ያዙ። ሁለት ሚኒባስ ከአንድ ኮስተር ረክሶ ቢገኝ እንኳ አልመክርም፣ ሰው ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ መኪና ሲዘገይም ሌላው ይጠብቃል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናውን ሄዳችሁ እዩት። ቦሎው የዘመኑ ነው? የሦስተኛ ወገን መድን አለው? ጎማው፣ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ? የወንበር ቀበቶዎቹ ይሠራሉ? የሹፌሩን መንጃ ፈቃድም ጠይቁ። ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የ24 ቤተሰብ አባወራና እማወራ ነው የምትጭኑት።

በውሉ ላይ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የምትሄዱባቸው ቦታዎች በሙሉ፣ ነዳጅና የፍጥነት መንገድ ክፍያ በማን እንደሆነ፣ መኪናው ቢበላሽ ሌላ የሚያመጣው ማን እንደሆነ ይጻፍ። "ቢሾፍቱም እንገባለን" የሚለውን ካላጻፋችሁ ሹፌሩ መንገድ ላይ ተጨማሪ ይጠይቃል፣ ያኔ ደግሞ አማራጭ የላችሁም።

6. ምሳውን አስቀድማችሁ እዘዙ

አንድ ጊዜ "ቢሾፍቱ ሆቴል መቼ ጠፋ" ብለን ሳንደውል ሄድን። የገባንበት ቤት ሠርግ ነበረው። ምሳ የበላነው 10 ሰዓት ላይ ነው።

ስትመዘግቡ ሦስት ምርጫ ስጡ፦ ፍስክ፣ ጾም፣ የሙስሊም ምግብ። የጾም ቀን ባይሆንም ስለት ያለበት ወይም ሥጋ የማይበላ ሰው አይጠፋም፣ ስለዚህ በየዓይነቱ ሁልጊዜ ይኑር። የሙስሊም አባላትን ምግብ ከሙስሊም ምግብ ቤት አስመጡ፣ ወይም ሥጋ የሌለበት ይሁንና በተለየ ዕቃ ይሠራ። ይህን ለሆቴሉ በግልጽ ንገሩት። በአንድ ትሪ ሁሉንም ደርድሮ "የሚበላውን ይምረጥ" ማለት አባላችሁን ጾሙን ማሳደር ነው። ሐይቅ ዳር ስለሆናችሁ ዓሣ ይቀርባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ማዕድ ላይ አታንሱ፣ የሚበላው ይብላ፣ የማይበላው ሽሮ አለው።

የመጨረሻውን የሰው ቁጥር ከ2 ቀን በፊት ለሆቴሉ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሹፌሩና ረዳቱ ከቁጥሩ ውስጥ ይግቡ። እነሱን ረስታችሁ በጓሮ እንጀራ ፍለጋ አትላኳቸው።

7. ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ

ጉብኝቱ ፎቶ ተነስቶ የመመለስ ብቻ እንዳይሆን ከሳምንት በፊት ግሩፑ ላይ ጥያቄ ሰብስቡ። ለደረቅ ወደብ ለምሳሌ፦ ዕቃ ከገባ በኋላ የወደብ ኪራይ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ዲመሬጅ (ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚከፈል ቅጣት) እንዳይቆጠርብኝ ባዶውን ኮንቴይነር እስከ መቼ መመለስ አለብኝ? ትራንዚተሬ (የጉምሩክ ጉዳዬን የሚጨርስልኝ ሰው) "ወደቡ ነው ያዘገየብን" ሲለኝ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? በጋራ ኮንቴይነር የሚመጣ ዕቃ እንዴት ይለያል?

ከተሰበሰበው 8 ወይም 10 መርጣችሁ ለአስተናጋጁ ቀድማችሁ ላኩለት። ጥያቄውን ቀድሞ ያየ አስተናጋጅ የሚመለከተውን ባለሙያ ይዞ ይጠብቃችኋል። ሳያየው ከሄዳችሁ "ይሄ የኔ ክፍል አይደለም" ትባላላችሁ። አንድ ሰው መልሱን የሚጽፍ ይመደብ። የግል ጉዳዩን፣ የራሱን የተያዘ ዕቃ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ግን ለብቻው ሌላ ቀን ይሂድ፣ የ20 ሰውን ጊዜ አይብላ።

8. ዋዜማው

ይህን መልእክት ግሩፑ ላይ ልጠፉ፦ የመሰብሰቢያ ቦታና ሰዓት፣ የመኪናው ቀለምና ታርጋ፣ የሹፌሩ ስልክ፣ "የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ያዙ"፣ "ሽፍን ጫማ አድርጉ"። ሽፍን ጫማ የምለው ግቢው ውስጥ ከባድ መኪናና ኮንቴይነር ማንሻ ማሽን ስለሚንቀሳቀስ ነው። ሂልና ነጠላ ጫማ እዚያ አይሆንም።

ለሹፌሩ ደውሉ። ሌሊቱን ሌላ ሥራ ላይ እንደማያድር አረጋግጡ። ስለ መንገዱ ሁኔታም በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ።

9. የጉዞው ቀን

መሰብሰቢያ 12፦00፣ መነሻ 12፦30። ሰዓቱን አሳስታችሁ "11 ሰዓት ነው" አትበሉ። ለአንድ ጉዞ ይሠራል፣ ሰው ከነቃበት በኋላ ግን እውነተኛውን ሰዓትም አያምናችሁም። በ12፦30 ተነሱ፣ የቀረ ቀረ። መጀመሪያ ጊዜ ያማል፣ በሁለተኛው ጉዞ ሁሉም 12 ሰዓት ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። መሰብሰቢያውም አንድ ቦታ ይሁን። "እኔን ቃሊቲ ላይ፣ እሷን ሳሪስ ላይ" ከተጀመረ አንድ ሰዓት ተቃጠለ።

ቱሉ ዲምቱ ከመድረሳችሁ በፊት መጸዳጃ የሚፈልግ ሰው ይውረድ። የፍጥነት መንገዱ ላይ እንደፈለጉ መቆም አይፈቀድም፣ አደገኛም ነው።

መኪና ውስጥ የሚተዋወቁ ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ እንዳይቀመጡ አድርጉ። መለዋወጫ ሻጩን ከምግብ ቤት ባለቤቷ ጋር፣ አዲሱን አባል ከነባሩ ጋር አስቀምጡ። ለኔ የጉዞው ዋና ጥቅም እዚህ ነው፣ አንድ ሕንፃ ላይ 10 ዓመት ሠርተው ስም የማይተዋወቁ ሰዎች አሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በ2 ደቂቃ ሦስት ነገር ይንገር፦ ስሙን፣ የሚሸጠውን፣ አሁን የሚፈልገውን። "መጋዘን የሚጋራኝ እፈልጋለሁ"፣ "ካርቶን አቅራቢ ጠፍቶብኛል" ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው መኪና ውስጥ ይገኛል። ሙዚቃውን ለመመለሻው አቆዩት።

በየመውጫና መግቢያው ሰው ቁጠሩ። ስም እየጠራችሁ ቁጠሩ፣ በዓይን ብቻ አትገምቱ።

ከቢሾፍቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከዚያ ካለፈ የአዲስ አበባ መግቢያ ላይ የምሽቱ መጨናነቅ ይይዛችኋል።

10. ከተመለሳችሁ በኋላ

በ3 ቀን ውስጥ ሂሳቡን ከነደረሰኝ ፎቶው ግሩፑ ላይ አውጡ። የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣ ሦስት መስመር ይበቃል። በሳምንቱ ለአስተናጋጁ የምስጋና ደብዳቤ ላኩ፣ የሚቀጥለውን ጉብኝት በር የሚከፍተው እሱ ነው። የተጻፉትን መልሶች ደግሞ ላልመጡት አባላት ጭምር አካፍሉ።

ጥንቃቄ

የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው። ዳርቻቸው ቀስ እያለ አይጠልቅም፣ ጥቂት ከገቡ በኋላ ድንገት ጥልቅ ነው። ዋና የሚችል ሰውም ቢሆን አይግባ። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ የሕይወት ጃኬት ይልበስ። ጃኬቱ ለሁሉም ካልበቃ በተራ ውጡ።

ሹፌሩን በምንም መንገድ መጠጥ አትጋብዙት። "አንድ ብቻ" የሚል አባል ካለ አስተባባሪው ጣልቃ ይግባ።

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በእጁ ይያዝ፣ ለአንድ አስተባባሪም ይንገር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

በአስተናጋጁ ግቢ ውስጥ ካልተፈቀደላችሁ ፎቶ አታንሱ። ኮንቴይነር ላይ የሰው ድርጅት ስም አለ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

በአንድ ቀን ሦስት ቦታ መያዝ። ሞጆ፣ ቢሾፍቱና አዳማ ተብሎ ይወጣና አንዱንም በወጉ ሳያዩ ይመለሳሉ። አንድ ጉብኝት፣ አንድ ማረፊያ ይበቃል።

ልጆችን ለሥራ ጉብኝት ማምጣት። ብዙ ግቢዎች ሕፃን አያስገቡም፣ እናትም አባትም ልጅ ይዘው በር ላይ ይቀራሉ። ለቤተሰብ እሑድ ቀን ሌላ ጉዞ አዘጋጁ።

ሁሉንም ሥራ አንድ ታታሪ ሰው ላይ መጫን። እሱ የታመመ ቀን ደብዳቤው የት እንዳለ፣ ቀብዱ ለማን እንደተከፈለ የሚያውቅ አይኖርም። የውሉን፣ የደብዳቤውንና የስም ዝርዝሩን ፎቶ ሦስቱም አስተባባሪዎች ስልካቸው ላይ ይያዙ።